ቀንድ ስለሌላቸው ከብቶችህ

ለምወድህ ወንድሜ ለቶማ፣

እንዴት ከርመሃል? ጤናህ እንዴት ነው? ብርዱስ እንዴት አድርጎሃል? ባለፈው በስልክ ስንነጋገር ድምፅህ ጎርነን ብሎ ስለሰማሁት ጉንፋን ይሁን ሐሳብ መለየት አቅቶኝ ስብሰለሰል ሰነበትኩ። ሩት እንዴት ናት? ወገቧን ተሻላት ወይ? ልጃችሁ ሳሚስ አድጓል ወይስ አሁንም ሱሪው መሬት ይጠርጋል? እኛ የሶዶዎቹም፣ እማዬ ያለችበት የተበላ ከተማ ሰዎችም ሳሮ ነን፤ በሰላም ወጥተን በሰላም እንገባለን፤ ማዕዳችን ላይ ቦታህ ክፍት ከመሆኑ በቀር ያጣነው ነገር የለም። ዝናቡ ዘንድሮ ቀኑን ሳይስት መጥቶ ቀኑን ሳይስት ሄዷል። የእማዬ በቆሎ ተሰብስቦ ገብቷል፤ እንሰቷም ቅጠሉ ደጃፉን ሸፍኖታል። ጉልበቷን አልፎ አልፎ ይቆረጥማታል፤ ሐኪም ቤት እንሂድ ስላት ግን ጉልበቴ እንጂ እግሬ አልታመመም ብላ ገበያ ትሄድብኛለች።

የእኔም ልብስ ስፌት ደህና ነው። ዘንድሮ ለዘመን መለወጫችን ለጊፋታ የዱንጉዛ ልብስ ያላሰፋ የሶዶ ሰው ያለ አይመስለኝም። አብርሃም ቀለበት ካሰረልኝ ጀምሮ እንደዚያ ሰሞን ራቱን ራሱ ሠርቶ የበላበት ጊዜ የለም፤ ያም ሆኖ አላጉረመረመም፤ እግዜር ይስጠው።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልህ የጎረቤቴ የእታፈራሁ ልጅ ይድነቃቸው ነው። እዚያው ሆላንድ ለትምህርት ይመጣል። ስልክ እያለ ወረቀት ምን አስፈለገ እንዳትለኝ፤ በወረቀት ይሁን ያለችው እማዬ ናት። ስልክ ነገር ይቆርጣል፤ ከልጄ ጋር ያጣላኝም መቆረጡ ነው ትላለች። በታኅሣሥ የምክር ቤቱ ሰዎች ፊት ቀርበህ ስለ እንስሳቱ ሕግ ልትናገር እንደተጠራህ፣ እማዬ ሳትመርቅህ ግን አፍህን እንደማትከፍት ነግረኸኝ ነበር። መልሷ እዚሁ ውስጥ አለ። ግን ወደ ታች እንዳትዘል፤ ከላይ ጀምረህ አንብብ። እንዴት እንደተገኘ ሳታውቅ ብትቀበለው አይጥምህም።

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባላልና ከሥሩ ልጀምር። በሰኔ ለአጎታችን ለጦና ደውለህ፣ እዚህ ሆላንድ መንግሥት ከውጭ አገር እንስሳት እንዳይገቡ የሚከለክል ሕግ ሊያወጣ ነው፤ በእጃችን ያሉትንም ሊወስዱብን ይችላሉ፤ እኔ ደግሞ አሁን መቶ ደርሰውልኛል፤ ጸልዩልኝ አልከው። ጋሽ ጦናም ከመቶው ስንቱ ይታለባል ብሎ ሲጠይቅህ ስልኩ ተቆረጠ። በቃ፣ ጥፋቱ ይኸው ነው። በእኛ አገር ዶሮ ያለው ሰው ዶሮ አለኝ ይላል፤ በግ ያለው በግ አለኝ ይላል፤ እንስሳት አሉኝ ብሎ በኩራት ዝም የሚል ሰው ግን ከብት ነው ያለው። አንተ የዚህ አገር ልጅ አይደለህም እንዴ? እንዴት እንደምንሰማህ ማወቅ ነበረብህ።

ጋሽ ጦናን ታውቀዋለህ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም የሚባለው በሁለቱም በኩል እሱ ላይ ደርሷል። በነጋታው የተበላ ገበያ ላይ የእህቴ ልጅ ከብቱ መቶ ሞላለት ብሎ አወራ። እንደ ድሮው ወግ መቶ ከብት የሞላለት ሰው በሽማግሌ ፊት ይቆጠርለታል፤ አናቱን ቅቤ ይቀባል፤ ወገኑን ያበላል። የአያታችን ከብት ወደ መቶው ሲቃረብ በሽታ ገብቶ እንደፈጀበት፣ ጋሽ ጦናም ያን ቁጭት እስከ ዛሬ በሆዱ ይዞ እንደሚዞር አንተም ታውቃለህ። ስለዚህ ለጊፋታ ቤተሰቡ ሲሰበሰብ የቶማ ከብት ይቆጠራል፣ አለቀ ብሎ ወሰነ።

እማዬ ደግሞ በበኩሏ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ተነስታ ቆመች። ልጄ በሰው አገር ለፍቶ ከብት አረባ፤ አሁን ሕግ ወጥቶ ሊነጠቅ ነውና ጸልዩልኝ አለች። ሴቶቹ ረቡዕ ረቡዕ ጾም ጸሎት ያዙልህ። መጋቢ መልአኩ ከመጽሐፈ ኢዮብ ስለ በሬዎቹና ስለ ግመሎቹ ጠቅሰው ሰበኩ፤ የጠፋው እጥፍ ሆኖ ይመለሳል አሉ። እኔም ብሆን አላረፍኩም። ልብስ ሊለካ ለሚመጣ ደንበኛ ሁሉ ወንድሜ አውሮፓ ከብት አርቢ ነው እያልኩ ሜትሬን ስዘረጋ ነበር።

ጊፋታ ደረሰ። ቅርጫው ታረደ፤ ሽማግሌዎቹ እማዬ ግቢ ያለው ማንጎ ሥር ተቀመጡ። አንተ ስለሌለህ በአንተ ፈንታ ቅቤ የተቀባው ጋሽ ጦና ነበር፤ የአናቱ ቅቤ አንድ ጥሩ ድስት ዶሮ ያወጣ ነበር። ሽማግሌዎቹ በጆሮ የተሰማ ከብት አይቆጠርም፤ በዓይናችን እንይ አሉ። ለዚያ ነው በጥድፊያ ደውዬ ከብቶችህን ቀርፀህ ላክልን ያልኩህ። አንተ ከብቶችህን ስልህ ሳቅህ፤ ቀልድ መስሎህ ነው፤ ወዲያው ላክህ። ልጄ መሲ ስልኳን ከፍታ በሽማግሌዎቹ ፊት ያዘችላቸው።

መጀመሪያ የታየው መስታወት ነው፤ በመስታወቱ ውስጥ መብራትና አሸዋ። ጋሽ ጦና ደረቱን ነፍቶ፣ ጋጣቸው እንኳ በመስታወት ነው አለ። ከዚያ አሸዋው ላይ ጢም ያለው እንሽላሊት ብቅ አለ። ቀጥሎ ቅጠል የሚበላ ኤሊ። ቀጥሎ አንተ፤ አንገትህ ላይ ክንድ የሚያህል ቢጫ ዘንዶ ተጠምጥሞ፣ ሳሚ ጭራውን እየዳበሰ ይስቃል። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም የሚባለው ለካ እውነት ነው። ቅቤው ቀልጦ በጋሽ ጦና ግንባር ሲወርድ አልጠረገውም። በመጨረሻ ከሽማግሌዎቹ አንዱ አቶ ኃይለመስቀል፣ ጨዋ ሰው ናቸውና ሰው እንዳይከፋው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ቀንዳቸው በየትኛው በኩል ነው ብለው ጠየቁ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ብታይ ኖሮ ለመሳፈሪያ ባወጣኸው ባላዘንክ። ጋሽ ጦና የሚሸነፍ ሰው አይደለም። አባቶቻችን ሰው የሚያበላውን አፍ ቁጠሩ አሉ እንጂ ቀንድ ቁጠሩ አላሉም፤ መቶ ብያለሁ፣ መቶ ነው አለ። አቶ ኃይለመስቀልም በበኩላቸው የማይታለብ፣ የማይታረስበት፣ የማይታረድ ነገር በየትኛው ወግ ይቆጠራል አሉት። ሥጋው እስኪያልቅ ተከራከሩ። በመጨረሻ፣ ሥጋው ስለተበላና የተቀባ ቅቤም ወደ ቅል ስለማይመለስ፣ መቶው እንደ ሃምሳ ተቆጥሯል፤ የቀረው ሲታለብ ይሞላል ብለው ፈረዱ። እኔ ጓዳ ገብቼ አፌን በነጠላ አፍኜ እስኪያመኝ ሳቅሁ።

እማዬ ግን አልሳቀችም። ስልኩን አንድ ጊዜ አይታ ወደ ቤት ገባች። ማታውን አንተ ስትደውል አልቀበልም አለች። በማግስቱም እንዲሁ። በዚያ ሰሞን እየደጋገምክ እማዬ ምን ሆነች ስትለኝ ሥራ ላይ ናት፣ ተኝታለች እያልኩህ የነበረው ለዚህ ነው። እውነቱን ብነግርህ እዚያ ብቻህን ትታመማለህ ብዬ ፈራሁ።

የተቆጣች መስሎኝ ነበር፤ ለካ ፈርታ ነው። በልጅነቷ ከቤታቸው ማዶ አንድ ጠንቋይ ዘንዶ ቤቱ ውስጥ ያኖር እንደነበር አንድ ምሽት ነገረችኝ። ሰው ከልጁ አፍ ነጥቆ ቅቤና ማር ይወስድለት ነበር። አያታችንም ወንጌል ሳይቀበል በፊት ከሚወስዱት አንዱ ነበር። ያመነ ቀን ለዘንዶው ያዘጋጀውን ቅቤ ወደ ቤት መልሶ ለልጆቹ ምግብ ላይ አፈሰሰው። እማዬ እስከ ዛሬ የዚያ ቅቤ ጣዕም አፏ ውስጥ አለ። ቤታችን ነፃ የወጣው ያን ቀን ነው ትላለች። እናም አባቴ የጣለውን ልጄ አንሥቶ አንገቱ ላይ ጠመጠመው፤ እኔ ደግሞ ሰውን ሁሉ አስተባብሬ ለእባብ ጾምኩ ብላ አለቀሰች። ሳቄ ያን ጊዜ ቆመ፤ አብሬያት አለቀስኩ። መጋቢ መልአኩ መጥተው፣ የተጸለየው ለማን እንደሆነ እግዚአብሔር ያውቃል፤ አድራሻ አይሳሳትም ቢሏትም አልተጽናናችም።

አንተ በድምፅ የላክህልኝን ያን ረጅም ታሪክ ቁጭ አድርጌ ነገርኳት። ቤቱን ታጸዳለት የነበረው ሽማግሌ እንዴት እንስሳቱን መመገብ እንዳስተማረህ፣ እሱ ሲሞት ዘመዶቹ ወንበሩንና ሰዓቱን ተከፋፍለው እነዚያን የሚወስድ ሰው እንደጠፋ፣ አንተም ትተሃቸው መሄድ እንዳልቻልክ። ልጥ አይተህ የምትበረግግ ሰው! የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ማለት ይኸው ነው። እማዬ ለራት የሚቀቀለውን ቦዬ እየላጠች ሰማችኝ። ተነሺ ግን አላለችኝም።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ከሶዶ በሚኒባስ ስወርድ ጥያቄ አዘጋጅታ ትጠብቀኝ ጀመር። ከአንተ ጋር አልነጋገርም አለች እንጂ መጠየቅ አልተወችም። ይሰግድለታል ወይ? መጀመሪያ የሚበላው ልጁ ነው ወይስ እባቡ? ቅቤ ይሰጡታል ወይ? አንተ ሁሉንም መለስክ፤ እኔም እንዳለ አደረስኩ፤ እሷም ሰምታ እንዳልሰማች ትሆናለች። አንድ ቅዳሜ ግን፣ ቶማ ትናንት ቶሎ ያልመለሰው ጠዋት ጠዋት ሥራ ከመሄዱ በፊት የሁሉንም ኩስ ስለሚጠርግ ነው አልኳት። ነገሬ ብዬም አይደለም፤ ምክንያትህን ለመናገር ያህል ነው። ቢላዋዋ ቆመ። ማነው የሚጠርገው አለች። እሱ ራሱ አልኳት። በእጁ? በእጁ አልኳት።

ከዚያ ሳቀች። ከጊፋታ ወዲህ የመጀመሪያዋ ነበር። ያ ጠንቋይ አንድ ቀን እንኳ የዘንዶውን ኩስ ሲጠርግ አላየሁም፤ የሚሰገድለት ነገር ይጸዳዳል ብሎ የሚያወራም አልነበረም፤ ልጄ ግን አዛባ ነው የሚዝቀው፤ ይሄማ የበረት ሥራ ነው አለች። እኛስ ያደግነው ላሞቹ ባደሩበት ቤት ጠዋት ጠዋት አዛባ እየዛቅን አይደል? ከዚያ ፊቷን ኮስተር አድርጋ፣ ኩሱ ለእንሰት ይሆናል ወይ ብለሽ ጠይቂው አለች። እየቀለደች አይደለም። እባክህ አጣርተህ መልስላት።

በማግስቱ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ተነስታ ቆመች። ከብት ብዬ ያስጸለይኳችሁ ለካ እባብና ኤሊ ናቸው፤ የጸለያችሁትን አትመልሱት፣ ስማቸውን ብቻ አስተካክሉልኝ አለች። ሴቶቹ መሳቅ ጀመሩ፤ ቀጥሎ መጋቢ መልአኩም መድረኩ ላይ ሆነው ሳቁ፤ እማዬም ከሁሉ ይልቅ ሳቀች። እውነቱን ልንገርህ፣ ከብት ነው ሲባል ከጸለዩት አሁን የሚጸልዩት ይበልጣል፤ ምክንያቱም እያንዳንዷ እቤቷ ገብታ ባሏን ሳታስቅበት አታድርም።

አሁን ወደ ምርቃቱ ልምጣ። ስለ ሕጉ የጻፍክልኝን ሁሉ አነበብኩላት። ሕጉን የፈለጉት ሰዎች እንስሳቱ ከአገራቸው ተለቅመው በሳጥን ሲጫኑ ብዙዎቹ መንገድ ላይ ያልቃሉ እንደሚሉ፣ አንተና የአርቢዎቹ ማኅበር ደግሞ ሕጉ ጨርሶ ይቅር ልትሉ እንዳሰባችሁ ነገርኳት። መንገድ ላይ ያልቃሉ የሚሉት እውነት ነው ወይ ብለሽ ጠይቂው አለችኝ። አንተም አልደበቅክም፤ እውነት ነው አልክ። ስላልዋሸሃት ደስ ብሎኛል። መልስህን ስነግራት ወረቀት አምጪ አለችኝ። የተናገረችው በወላይትኛ ነው፤ ወደ አማርኛ ስመልሰው የቀነሰ ነገር ቢኖር ጥፋቱ የእኔ ነው።

«ልጄ፣ እጅህ ላይ ያሉትን አትስጥ። ከእጅህ በልተዋል፤ ሙቀትህን ለምደዋል፤ አሁን ቢመለሱም አገራቸው አያውቃቸውም። ለእነሱ ስትናገር እግዚአብሔር አፍህን ይክፈተው፤ በሚሰሙህ ሰዎች ፊት ሞገስ ይስጥህ፤ ቃልህ መሬት አይውደቅ። ሌሎችም ይምጡ ብለህ ግን በእኔ ምርቃት አትናገር። አንተ ከአገር ስትወጣ የሳሊሃ ልጅ አብሮህ ወጣ። አንተ ደረስክ፤ እሱ በረሃ ላይ ቀረ። እኔ ልጄ ደረሰ ብዬ አመሰገንኩ፤ እሷን ግን በየገበያው አገኛታለሁ፤ ሰላምታ እንሰጣጣለን፤ ስላንተ አትጠይቀኝም። መንገድ ላይ ስንቱ እንደሚቀር ሌላው ይቁጠረው። እኔ አንዱን አውቀዋለሁ፤ ይበቃኛል።»

ይኸው ነው፤ አልጨመርኩም። የማኅበሩ ሰዎች ከዳኸን ብለው ይቆጡህ ይሆናል። ሩትም ከእንስሳቱ የምናገኘው ገቢ ቢቀንስስ ትል ይሆናል፤ ትክክል ናት። እኔ እንዲህ አድርግ አልልህም፤ አንተ ነህ እዚያ የምትኖረው። እማዬ ግን ቁርጡን ተናግራለች፤ በዚህ ከተስማማ ምርቃቴ የእሱ ነው፤ ካልተስማማ ወረቀቱን ይመልስልኝ ብላለች። የምትመልሰው አይመስለኝም። የሳሊሃን ልጅ ስም እስከ ዛሬ በስልክ አንሥተህ አታውቅም፤ እኔም አንሥቼብህ አላውቅም። ሁለታችንም ያላልነውን እሷ አለችው፤ ከሰማሁ ወዲህ ደረቴ ቀለል ብሎኛል። ላንተም እንደዚያው ይሁንልህ።

ይድነቃቸው አንድ ጠርሙስ ዳጣ ይዞልሃል። እማዬ ራሷ ናት የፈጨችው፤ የዘንድሮው በርበሬ ኃይለኛ ነውና ለሳሚ በጣትህ ጫፍ ብቻ አቅምሰው።

አብርሃም ሰላም ብሎሃል፤ ኤሊው ስንት ዓመት እንደሚኖር ሲሰማ ለማን እንደምታወርሰው ከአሁኑ አስብበት ብሏል። መሲ ሳሚን ሳምልኝ ትላለች፤ ቪዲዮውን ለክፍሏ ልጆች አሳይታ ዝነኛ ሆናለች። መጋቢ መልአኩ ረቡዕ አልተቋረጠም ይሉሃል። ጋሽ ጦና ሰላምታው ብዙ ነው፤ ቀሪውን ሃምሳ መቼ እንደምታስቆጥር ይጠይቃል፤ እንሽላሊት እንደማይታለብ ብነግረውም ተስፋ አልቆረጠም። አቶ ኃይለመስቀልም ደህና ናቸው፤ እሳቸውም እንዴት ዋልክ ብለውሃል።

እማዬ ሩትን በሁለቱም ጉንጯ፣ ሳሚን በግንባሩ ስማቸዋለች። በመስታወቱ ውስጥ ያሉትም ብርድ እንዳይነካቸው ብላለች። ወረቀቱ እጁ ሳይገባ አላናግረውም ስላለች ይድነቃቸው እንደደረሰልህ የሚመጣውን እሁድ ጠብቅ። ያን ዕለት ስትደውል ስልኩን የምታነሳው እሷ ናት።

እኅትህ ሐመልማል

ወላይታ ሶዶ፣ ኅዳር ፲፬ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም.